ከጂንካ ጎዴ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐዋሳ ላይ የአውሮፕላን ትኬት እቆርጣለሁ። ከአዲስ አበባ በረራ ቀጥሎ በብዛት የሚመጣብኝ የሩቅ ከተሞች ጉዳይ ነው። ዩኒቨርሲቲው ከየአቅጣጫው ተማሪ ያመጣል፣ መምህሩ ይዛወራል፣ ነጋዴው ዕቃውን ይከተላል፣ የአንዱ እህት ጂንካ አግብታለች፣ ወንድሙ ደግሞ ጎዴ ሥራ ይዟል። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ከኢንተርኔት ያገኘውን ያሳየኛል። ከጂንካ ጎዴ 780 ኪሎ ሜትር፣ የበረራ ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይላል። «በል ይሄንን ቁረጥልኝ።» ችግሩ እንዲህ የሚባል በረራ የለም። ርቀቱ ትክክል ነው፣ ሰዓቱ ግን ካርታ ላይ ብቻ ያለ ሰዓት ነው። መልሱን ሁልጊዜ ከምደጋግመው አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

ርቀቱ በትክክል ስንት ነው?

በቀጥታ መስመር 780 ኪሎ ሜትር ገደማ። ጂንካ በደቡብ ምዕራብ በኩል፣ ኦሞ ሸለቆ አጠገብ ናት፤ ጎዴ ደግሞ በሶማሌ ክልል ዋቢ ሸበሌ ወንዝ ዳር። ሁለቱን በአንድ መስመር ብታገናኙ መስመሩ ጫሞ ሐይቅን አቋርጦ፣ ክብረ መንግሥትን ታክኮ አልፎ፣ ወደ ቆላው ይወርዳል። በማይል ከፈለጋችሁ 485 ያህል ነው። አብራሪዎች የሚጠቀሙበት የባሕር ማይል ግን ይለያል፤ አንዱ 1.852 ኪሎ ሜትር ስለሆነ በዚያ 420 ገደማ ይመጣል። አንዱ ገጽ 485፣ ሌላው 420 ሲላችሁ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ መለኪያው ነው የተለያየው።

እኔ ራሴ ልለካው እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ ያውም ያለ ኢንተርኔት። ጂንካና ጎዴ ለዚህ የተመቹ ናቸው፤ ሁለቱም ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 6 ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ቦታ ላይ ስላሉ ልዩነታቸው የምሥራቅና የምዕራብ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ጂንካ 36.56 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ናት፣ ጎዴ 43.58 ላይ። ቀንሱት፣ 7 ዲግሪ ይመጣል። እዚህ አካባቢ አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 7 በ111 ብታባዙ 777። አለቀ። ኮምፒዩተሩ የሚሰጣችሁም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ከተሞቹ እንደዚህ አግድም ካልተሰለፉ ግን የሰሜን ደቡቡንም መያዝ ስለሚያስፈልግ ሒሳቡ ትንሽ ይረዝማል፤ ያኔ የጉግል ካርታን ርቀት መለኪያ ብትጠቀሙ ይሻላል። ካርታው ላይ አንዱን ከተማ ተጭናችሁ ያዙ፣ መለኪያውን ክፈቱ፣ ወደ ሁለተኛው ውሰዱት።

ቀጥታ በረራ አለ?

የለም። ከጂንካ የሚነሳው መንገደኛ ቦሌ ይወርዳል፣ ከቦሌ ደግሞ ወደ ጎዴ ይሳፈራል። የሀገር ውስጥ በረራ በጠቅላላው የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ሁሉም መስመር ማለት ይቻላል አዲስ አበባ ላይ ይገናኛል።

ብዙ ሰው ይሄ ያናድደዋል። «እንዴ! ወደ ምሥራቅ ለመሄድ ለምን ወደ ሰሜን እበራለሁ?» እኔም ብሆን ደስ አይለኝም፣ ግን ምክንያቱ ይገባኛል። በሀገር ውስጥ በብዛት የሚበረው ባለ ሁለት ሞተሩ ዳሽ 8 ሲሆን ከ70 በላይ ወንበር አለው። እስቲ አስቡት፣ በአንድ ቀን ከጂንካ ጎዴ የሚሄድ ስንት ሰው ይገኛል? አንዳንድ ቀን አንድም ላይገኝ ይችላል። ከጂንካ አዲስ አበባ የሚሄድ ግን አለ፣ ከአዲስ አበባ ጎዴም እንደዚሁ። ስለዚህ ሁሉንም ቦሌ ላይ ሰብስቦ እንደገና መበተን ነው የሚያዋጣው።

ታዲያ በቦሌ በኩል ስሄድ ስንት ኪሎ ሜትር ይሆናል?

ከጂንካ አዲስ አበባ 430፣ ከአዲስ አበባ ጎዴ 625፣ በድምሩ 1,055 ኪሎ ሜትር አካባቢ። ከቀጥታው በ275 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የሐዋሳ ሰው ይቺን ቁጥር ያውቃታል፤ ከዚህ አዲስ አበባ ያለው የአስፋልት መንገድ ማለት ነው።

ሰዓቱስ?

እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ ተከተሉኝ። እኔ የምጠቀምባት ቀላል ስሌት አለችኝ። ዳሽ 8 ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት 600 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ይበርራል። በደቂቃ 10 ኪሎ ሜትር በሉት። ኪሎ ሜትሩን ለ10 አካፍሉ፣ ከዚያ ማኮብኮቢያው ላይ ለሚሄድበት፣ ለመውጫና ለመውረጃ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ጨምሩበት።

ጂንካ አዲስ አበባ፦ 43 ደቂቃ ሲደመር 25፣ ማለትም አንድ ሰዓት ከአሥር አካባቢ።

አዲስ አበባ ጎዴ፦ 62 ሲደመር 25፣ ማለትም አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ።

አየር ላይ የምትቆዩት በድምሩ ከሦስት ሰዓት ያነሰ ነው ማለት ነው። ቀኑን የሚበላው መሃሉ ላይ ያለው ነው። ቦሌ የምትጠብቁት ጊዜ ሁለት ሰዓት ሊሆን ይችላል፣ ስድስትም ሊሆን ይችላል፤ የጎዴው አውሮፕላን ጠዋት ከሄደና የጂንካው ከሰዓት ከገባ ደግሞ አዲስ አበባ ማደር ግድ ነው። በዚያ ላይ የጎዴው በረራ መንገድ ላይ ሌላ ከተማ ነክቶ የሚሄድ ከሆነ ሰዓቱ ይረዝማል። ስለዚህ «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብላችሁ ስትጠይቁኝ መልሴ «የትኛው ቀን?» የሚል ነው። ፕሮግራሙ በየወቅቱ ይቀያየራል፤ ወደ ሩቅ ከተሞች ደግሞ እንደ ባሕር ዳርና መቀሌ በቀን ብዙ ምርጫ አትጠብቁ።

ኢንተርኔቱ ለምን እንደዚያ ይላል?

እነዚያ ገጾች ፕሮግራም አያዩም። ሁለት ነጥብ ይወስዳሉ፣ መካከላቸውን ይለካሉ፣ ለትልቅ ጄት በሚሆን ፍጥነት ያካፍላሉ፣ ለመነሻና ለማረፊያ ትንሽ ደቂቃ ይጨምራሉ፣ በቃ። በረራው ይኑር አይኑር ግድ የላቸውም። የትኛውንም ሁለት ከተማ ብታስገቡ፣ አውሮፕላን ማረፊያ የሌለውንም ቢሆን፣ ደቂቃውን ቆጥረው ይሰጧችኋል።

ሌላው አደጋ ስም ነው። ጂንካን ስትፈልጉ ኡጋንዳ ያለችው ጂንጃ ትመጣለች። ጎዴ ብላችሁ ባሌ ያለችውን ጎባ የምትመርጡም አላችሁ። የጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ መለያ ደግሞ ቢ-ሲ-ኦ ነው፣ ባኮ ከሚለው ስም የመጣ፤ እሱን ያየ ሰው ምዕራብ ሸዋ ያለችው ባኮ መስላው ይደነግጣል። አይደለችም። የጎዴው ጂ-ዲ-ኢ ነው። ትኬት ላይ እነዚህን ፊደላት አንዴ ማየት አይከፋም።

ከሐዋሳ ብነሳስ?

ሁለቱን ለያይቼ ልመልስ፣ ምክንያቱም ምክሬ አንድ አይደለም።

ወደ ጎዴ ከሆነ ብረሩ። ከሐዋሳ ጎዴ በቀጥታ 590 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በአዲስ አበባ ዞሮ 840። ትርፍ አለው፣ ግን የመኪናው መንገድ ረጅምና አድካሚ ነው፣ ቀናት ይፈጃል። ከሐዋሳ አዲስ አበባ ያለው በረራ 45 ደቂቃ ቢሆን ነው።

ወደ ጂንካ ከሆነ ግን ቆም ብላችሁ አስቡ። ከሐዋሳ ጂንካ በቀጥታ 250 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በአየር ስትሄዱ ግን መጀመሪያ 210 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን፣ ከዚያ 430 ወደ ደቡብ ትመለሳላችሁ። የሐይቁን ዳር ለቃችሁ በወጣችሁ በሁለተኛው በረራ እንደገና ወደዚሁ አቅጣጫ መምጣት ነው። በመኪና በሻሸመኔ፣ በሶዶ፣ በአርባ ምንጭና በኮንሶ አድርጎ 500 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ጤነኛ ሰው ከሆናችሁና ጊዜ ካላችሁ፣ አርባ ምንጭ አድራችሁ አሳ በልታችሁ ብትሄዱ እኔ አልቀየማችሁም፣ ትኬት ሻጭ ብሆንም። አዛውንት፣ ታማሚ ወይም ነፍሰ ጡር ከያዛችሁ ግን በረራው ይሻላል፤ ነፍሰ ጡር ከሆነች የሐኪም ወረቀት ልትጠየቅ ስለምትችል አስቀድማችሁ አጣሩ።

አንዳንዱ ደግሞ እስከ ቦሌ በመኪና ሄዶ ከዚያ ይበርራል። ያስኬዳል። ብቻ የጠዋት በረራ ከሆነ ማታውኑ አዲስ አበባ ግቡ። ሌሊት ከሐዋሳ ተነስቼ እደርሳለሁ የሚል ሰው ያስጨንቀኛል።

ትኬቱ ላይ 07:10 ይላል። ከሰዓት ነው?

አይደለም! ጠዋት ነው። ብዙ ሰው በረራ የሚያመልጠው በዚህ ነው፤ ከትራፊኩም ከዝናቡም ይብሳል።

በቅርቡ አንዲት እናት ልጃቸው የላከላቸውን ትኬት በስልክ ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ሰባት ሰዓት ከአሥር ነው አይደል? ቁርስ አድርጌ፣ ቤተ ክርስቲያን ስሜ፣ ቀስ ብዬ እሄዳለሁ» አሉኝ። «እማማ፣ እሱ እኮ ጠዋት አንድ ሰዓት ከአሥር ነው» ስላቸው ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። «ይኸው ሰባት ይላል እኮ፣ አንድ የሚል የታለ?» ወረቀት ላይ በትልቁ «ጠዋት 1:10» ብዬ ጽፌ ሰጠኋቸው፤ ቦርሳቸው ውስጥ አጥፈው ከመታወቂያቸው ጋር አስቀመጡት።

ትኬት የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው፣ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ 24 ይቆጥራል። 6 ቀንሱለት። 07:10 ሲቀነስ 6፣ ጠዋት 1:10። 13:40 ሲቀነስ 6፣ ከቀኑ 7:40። ከ12 በላይ ያለው ሁሉ ከሰዓት ወይም ማታ ነው። 06:30 ካላችሁ ደግሞ ስትቀንሱ ዜሮ ይመጣል፤ እሱ ንጋት 12:30 ነው።

ቀኑም እንደዚሁ። ትኬቱ ማርች 11 ካለ በእኛ መጋቢት 2 ነው እንጂ መጋቢት 11 አይደለም። ትኬት ስቆርጥ ሁለቱንም ቀን ጽፌ ነው የምሰጠው። ኦንላይን የምትቆርጡ ለራሳችሁ ጻፉት። በተለይ ለአዛውንት የምትገዙላቸው ከሆነ ስክሪንሾት ልካችሁ ዝም አትበሉ፣ ደውሉና በእኛ ሰዓት ንገሯቸው።

በጂንካና በጎዴ መካከል የሰዓት ልዩነት አለ?

በሰዓት ቆጣሪ የለም፣ አገሩ በሙሉ አንድ ሰዓት ነው የሚጠቀመው። ፀሐይዋ ግን አትስማማም። በእያንዳንዱ ዲግሪ 4 ደቂቃ ስለሚለያይ፣ ጎዴ ላይ ፀሐይ ከጂንካ 28 ደቂቃ ያህል ቀድማ ትወጣለች። ማታም እንዲሁ ቀድማ ትጠልቃለች። ጎዴ ደርሳችሁ «ዛሬ ቶሎ መሸ» ካላችሁ ተሳስታችሁ አይደለም።

አንድ ትኬት ይሻላል ወይስ ሁለት ለየብቻ?

አንድ። ከጂንካ እስከ ጎዴ በአንድ ትኬት ከተቆረጠ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ በሚቀጥለው የማሳፈሩ ኃላፊነት የአየር መንገዱ ነው። ለየብቻ ከገዛችሁ ግን ሁለተኛው ትኬት ስለ መጀመሪያው አያውቅም፤ እንዳልመጣ መንገደኛ ትቆጠራላችሁ። ሻንጣውም በአንድ ትኬት ሲሆን እስከ መጨረሻው ሊላክ ይችላል፤ ጂንካ ላይ ሻንጣ ስታስረክቡ «እስከ ጎዴ ነው?» ብላችሁ ጠይቁና የሚለጠፍላችሁን ወረቀት እዩ።

ለየብቻ መግዛት ግድ ከሆነባችሁ መሃሉን አስፉት። አራት ሰዓት ትርፍ ብትተዉ አይቆጫችሁም።

ፀሐይ እየወጣ ለምን በረራው ይዘገያል?

እናንተ ያላችሁበት ሰማይ ብቻውን አይወስንም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጂንካ ብራ ሆኖ ቦሌ ጉም ሊውጠው ይችላል። ለጂንካና ለጎዴ ደግሞ ዋናው ዝናብ ክረምት ላይ አይደለም። ጎዴ የሚዘንበው በሚያዝያና በግንቦት፣ ከዚያም በጥቅምትና በኅዳር ነው፤ ጂንካም በእነዚሁ ወራት አካባቢ ነው የሚበረታባት። ስለዚህ ቦሌና እነዚህ ሁለቱ ተራ በተራ ነው የሚያስቸግሩት።

በዚያ ላይ አንዱ አውሮፕላን በቀን ብዙ ከተማ ይዞራል። ጠዋት ሌላ ቦታ ላይ ግማሽ ሰዓት ከዘገየ ከሰዓት እናንተ ጋ ሲደርስ መዘግየቱ አድጎ ነው። ምርጫ ካላችሁ የጠዋቱን ያዙ።

ሙቀትም አለ። አየር ሲሞቅ ይሳሳል፣ አየር ሲሳሳ ክንፉም ሞተሩም ጉልበታቸው ይቀንሳል። ጎዴ ከባሕር ወለል ከ300 ሜትር በታች ናት፣ ቀን ላይ 35 ዲግሪ መንካት ብርቅ አይደለም። ቦሌ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ሳይሞቅም አየሩ ሳሳ ያለ ነው። አንዳንዴ ክብደት ለመቀነስ ሻንጣ በሚቀጥለው በረራ የሚመጣው በዚህ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መድኃኒት፣ ዶክመንትና የአንድ ቀን ልብስ በእጅ ያዙ።

ትንሽ አውሮፕላን ተከራይቼ በቀጥታ ብሄድስ?

ይቻላል፣ ኪሱ ካላችሁ። ቦሌ ላይ ቻርተር የሚያከራዩ የግል ድርጅቶች አሉ። በብዛት የሚታየው ባለ አንድ ሞተሩ ሴስና ካራቫን በሰዓት 340 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚበር ከጂንካ ጎዴ ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ይወስድበታል። ግን አውሮፕላኑ የሚነሳው ከአዲስ አበባ ነው፣ የሚመለሰውም ወደዚያው፤ ባዶውን የሚመላለስበትንም እናንተ ናችሁ የምትከፍሉት። ለቡድን ወይም ለአስቸኳይ ሕክምና ካልሆነ አልመክርም።

የእርዳታ ድርጅት ሠራተኞች ወደ ጎዴ በተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ አየር አገልግሎት ሲሄዱ ታያላችሁ። እሱ ለነሱና ለመሰሎቻቸው ነው፣ ለሌላው መንገደኛ ትኬቱ አይሸጥም። እኔ ጋ አትምጡ።

ዋጋውስ ስንት ነው?

ዋጋ እዚህ ጽፌ ነገ ቢቀየር ጠባችን አያልቅም። የአየር መንገዱ አፕ ላይ እዩ፣ በቴሌብርም መክፈል ይቻላል። ልብ በሉ፣ ቀደም ብሎ የቆረጠና በመጨረሻው ቀን የመጣ አንድ ዋጋ አይከፍሉም። ለበዓል ሰሞን ከሆነ ደግሞ አትዘናጉ፤ ለገና፣ ለፋሲካና ለዒድ ወንበሩ አስቀድሞ ያልቃል። ፍቼ ጨምበላላ ሲደርስ ወደ ሐዋሳ የሚመጣውም እንደዚያው።

ስም ላይ ስህተት ቢኖርስ?

ቶሎ አስተካክሉት። ትኬቱ ላይ ያለው ስም ከመታወቂያችሁ ጋር መግጠም አለበት። ቤት የምትጠሩበትን ስም አታስጽፉ። «ሁሉም ሰው ማሙሽ ነው የሚለኝ» ቼክ ኢን ላይ አይሠራም።

ቅቤና ቆጮ ይዤ መሄድ እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ በኪሎው ልክ። የተፈቀደላችሁ ክብደት ትኬቱ ላይ ተጽፏል፣ ትርፉ ያስከፍላል። ቅቤውን በደንብ በሚገጠም ዕቃ አድርጉት፣ በላስቲክ ጠቅልሉት፣ ከዚያ በሻንጣ አስገቡት፤ የጎዴን ሙቀት ነግሬያችኋለሁ። ፓወር ባንክ ግን በተቃራኒው በእጅ ቦርሳ ነው የሚያዘው፤ ሻንጣ ውስጥ ከተገኘ ያስወጧችኋል።

ጎዴ ስንወርድ ጆሮዬ ያመኛል፣ ምን ላድርግ?

ከቦሌ ከፍታ ወደ ጎዴ ቆላ መውረድ ስለሆነ ግፊቱ ይሰማል። ማስቲካ አኝኩ ወይም ደጋግማችሁ ምራቅ ዋጡ። ሕፃን ከያዛችሁ መውረድ ሲጀምር ጡት ወይም ጡጦ ስጡት፤ ተኝቶ ከሆነ ቀስቅሱት። ጉንፋን የያዘው ሰው የባሰ ስለሚሰማው ከመሳፈሩ በፊት ሐኪም ወይም ፋርማሲ ቢያማክር ጥሩ ነው።